ሣጥኑን እንደቆለፍን ፍላሹንም እንቆልፍ

(በሐዋሳ ባህል አዳራሽ በተደረገው የአባላት ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ከሂሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



ከሂሳብ ክፍል ስንነሳ ገቢና ወጪ እንደምትጠብቁ እናውቃለን፤ እሱ በጽሑፍ ታድሏችኋል። ዛሬ የምንናገረው ያ ሂሳብ ስለሚቀመጥበት፣ ከአውራ ጣት ስለማይበልጠው ፍላሽ ነው።

በቁጠባ ቡድኖች ዘንድ የታወቀ ሥርዓት አለ። የብር ሣጥኑ ሦስት ቁልፍ አለው፤ ቁልፎቹም በሦስት ሴቶች እጅ ይቀመጣሉ። እርስ በርስ ስለማንተማመን አይደለም። አንዷ ብቻዋን እንዳትፈተን፣ ብቻዋንም እንዳትጠረጠር ነው።

ፍላሹ ውስጥ ግን ከብር የከበደ ነገር አለ። የአባላት ስም፣ ስልክ፣ የፋይዳ ቁጥር፣ ማን ስንት እንደቆጠበች፣ ማን ለምን እንደተበደረች። ለልጇ ሕክምና የወሰደች አለች፤ ለቤተሰቧ ሳትናገር ለክፉ ቀን የምታስቀምጥም አለች። ብር ቢጠፋ አዋጥተን እንተካዋለን። ምስጢር ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

ፍላሽ የሚጠፋው እኛ ዘንድ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 የለንደኑ የሂትሮ አየር ማረፊያ ሠራተኛ የጣለውን ፍላሽ አንድ መንገደኛ አንሥቶ በቤተ መጻሕፍት ኮምፒውተር ከፈተው። ቁልፍ አልነበረውም። ድርጅቱ በዓመቱ 120,000 ፓውንድ ተቀጣ። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ በጃፓን አማጋሳኪ ከተማ የ460,000 ያህል ነዋሪዎችን መረጃ የያዘ ፍላሽ፣ ጠጥቶ መንገድ ላይ እንቅልፍ ከጣለው ሠራተኛ ጋር ጠፋ። ይኼኛው ግን የተቆለፈ ነበር፤ ቦርሳው ከቀናት በኋላ ከነፍላሹ ተገኘ። ሁለቱም ሰዎች ዘንግተዋል፤ ልዩነቱ ቁልፉ ነው።

እኛስ በምን እንቆልፍ? ፋይልን መደበቅ መቆለፍ አይደለም። ኤክሴል ላይ «ፕሮቴክት ሺት» ማለትም ቁጥሩ እንዳይነካ እንጂ እንዳይታይ አያደርግም። የሚያስፈልገን ምስጠራ ነው፤ ጽሑፉን ያለ የይለፍ ቃል የማይነበብ ዝብርቅርቅ ያደርገዋል። ዊንዶውስ ፕሮ ያለው ኮምፒውተር ቢትሎከር የሚባል መቆለፊያ አብሮት አለው። ፍላሹን ሰክቶ፣ ስሙ ላይ ቀኝ ክሊክ አድርጎ «ተርን ኦን ቢትሎከር» የሚለውን መምረጥ ነው። የይለፍ ቃል ያስመርጣል፤ ቀጥሎ 48 አኃዝ ያለው የመጠባበቂያ ቁልፍ ይሰጣል። ዊንዶውስ ሆም የተቆለፈውን ይከፍታል እንጂ አይቆልፍም፤ ለእሱ ቬራክሪፕት የተባለ ነፃ ፕሮግራም አለ።

የይለፍ ቃሉ የማኅበሩ ስም፣ የተመሠረተበት ዓመት ወይም ስልክ ቁጥር አይሁን። እርስ በርስ የማይገናኙ አራት ወይም አምስት ቃላት ቢገጣጠሙ ለማስታወስ ይቀላል፣ ለመገመት ይከብዳል።

ነገር ግን ቁልፍ ለባለቤቱም ይከብዳል። የይለፍ ቃሉም 48ቱ አኃዝም ከጠፉ ማንም ባለሙያ አይከፍተውም። አንዲት ሠራተኛ ብቻ የምታውቀው ከሆነ ደግሞ እሷ የታመመች ዕለት ማኅበሩ ይቆማል። ስለዚህ የሣጥኑን ሥርዓት እዚህም እናምጣው። የይለፍ ቃሉን የሂሳብ ሠራተኛዋና ገንዘብ ያዧ ይወቁት። 48ቱ አኃዝ ታትመው፣ በፖስታ ታሽገው፣ ተፈርሞባቸው በቁጥጥር ኮሚቴ እጅ ይቀመጡ። ፖስታው ከፍላሹ ጋር በአንድ ቦርሳ አይሂድ። ሰው ሲለወጥ የይለፍ ቃሉ ይለወጥ፤ ርክክቡም በጽሑፍ ይሁን።

ቁልፉ የማይሠራውንም እንወቅ። ቫይረስ አይከለክልም። በፎቶ ኮፒ ቤት ኮምፒውተር ላይ አንዴ ከከፈትነው ደግሞ እንደማንኛውም ፍላሽ ክፍት ነው። ስለዚህ ወደ ማተሚያ የሚሄደው ሌላ ፍላሽ ይሁን፤ የሚታተመውን ገጽ ብቻ ይያዝ። ፍላሽ ይበላሻልም፤ ሁለተኛ የተቆለፈ ቅጂ በቢሮው ካዝና ይኑር፤ በየወሩም ተከፍቶ ይታይ። «ሁሉን ኢንተርኔት ላይ እናስቀምጥ» የምትሉ፣ በ2012 ዓ.ም. ከሰኔ 23 ጀምሮ ኢንተርኔት በአገሪቱ ለሳምንታት የተቋረጠበትን ጊዜ አስታውሱ። በእጅ ያለ ቅጂ ያኔ ይጠቅማል።

ለጋሾቻችንም አንድ ነገር እንጠይቃለን። ስንት ሴቶች ተበደሩ፣ ስንቶቹ መለሱ ብትሉን ቁጥሩን እስከ ሳንቲሙ እናቀርባለን። የስም ዝርዝሩ ግን ከእኛ ዘንድ ይቆይ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም የሰው መረጃ የያዘ ሁሉ እንዲጠብቀው ያዝዛል። አዋጁ ባይኖርም እንኳ፣ አንዲት እናት ስሟን ስትሰጠን ያመነችው እኛን ነው።

እንግዲህ ከዚህ ስብሰባ የምንፈልገው ውሳኔ ሦስት ነው፤ ፍላሹ እንዲቆለፍ፣ ፖስታው የሚቀመጥበት እጅ እንዲመረጥ፣ ለሁለተኛ ፍላሽ መግዣ እንዲፈቀድ። ወጪው ትንሽ ነው፤ የሚጠብቀው ግን የሁላችንንም ገመና ነው።