ብራናው የምን ቆዳ ነው?



እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1947 ጀምሮ በሙት ባሕር አጠገብ፥ በቁምራን ዋሻዎች፥ የጥንት አይሁድ መጻሕፍት መገኘታቸውን ታውቃላችሁ። ለእኛም ባዕድ አይደሉም፤ ሙሉው በግዕዝ ብቻ ተጠብቆ የኖረው መጽሐፈ ሄኖክ በዚያ በአራማይስጥ ቍርጥራጩ ወጥቷል።

መጻሕፍቱ እዚያው ተጻፉ ወይስ ከሌላ ስፍራ መጡ? ሊቃውንት ብዙ ተከራክረውበታል። እኔ የምለው፥ ፊደል በማንበብ ብቻ የሚፈታ ነገር አይደለም ነው።

አሜሪካዊው ኬሚስት ሊቢ ከዋሻው የተገኘውን የተልባ እግር ጨርቅ በካርቦን 14 መርምሮ፥ በ1951 ውጤቱ ሲወጣ፥ ዘመኑ 33 ዓመተ ምሕረት ግድም ሆነ፤ 200 ዓመት ወዲያ ወይም ወዲህ ሊል ይችላል። ጨርቁ ዕድሜውን እንጂ አገሩን አልተናገረም።

በ2020 የታተመ ጥናት ደግሞ ከብራናዎቹ ብናኝ ወስዶ የእንስሳቱን ዲ ኤን ኤ መረመረ። አብዛኛው የበግ ቆዳ ሆነ፤ ከትንቢተ ኤርምያስ ቍራጮች መካከል ግን የላም ቆዳ ተገኘ። እዚህ ላይ የኢኮኖሚክስ ተማሪ ይነሣ! ላም ሣርና ውሃ ትሻለች፤ በይሁዳ ምድረ በዳ ላም ማርባት አያዋጣም። ስለዚህ አጥኚዎቹ የላሙ ብራና ከውጭ የመጣ ነው አሉ። (ያልተጻፈበት ቆዳ በንግድ መጥቶ እዚያው ተጽፎበት እንደሆነስ? ይህን ዲ ኤን ኤው አይመልስም።)

የግዕዝ መጻሕፍታችንም በብራና የተጻፉ ናቸው። የግዕዝ ተማሪው ንባቡን፥ የሳይንሱ ተማሪ ብናኙን፥ የኢኮኖሚክሱ ተማሪ የቆዳውን ዋጋና መንገድ ይዞ፥ ሦስቱም በአንድ የሄኖክ ብራና ዙሪያ በዚህ ዓመት እንዲቀመጡ ሐሳብ አቀርባለሁ።