አማካሪን የሚቃረን ውጤት ሲገኝ



አዘጋጆቹ ስለ ምርምር ጥቂት ተናገሪ ሲሉኝ፣ በሻይ ሰዓት የምናወራውን በአደባባይ ግን የማናነሳውን ጉዳይ መረጥኩ። ተማሪ የሰበሰበው ዳታ የአማካሪውን የታተመ ሥራ ሲቃረን ምን እናደርጋለን?

ከወባ ልጀምር፤ ሐይቅ ዳር ቆሞ ስለ ወባ አለማውራት አይቻልምና። ሁላችንም የተማርነው ነው፦ በቀይ የደም ሴሉ ላይ ዳፊ የሚባለው ፕሮቲን የሌለው ሰው በፕላስሞዲየም ቪቫክስ አይያዝም። ይህን እ.ኤ.አ. በ1976 ያሳተሙት ሉዊስ ሚለርና ባልደረቦቻቸው ናቸው። ቪቫክስ በምዕራብ አፍሪካ ለምን ብርቅ እንደሆነ ስላስረዳ መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ገባ፤ ለፈተናም መጣ። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ2010 ከማዳጋስካር፣ በ2013 ደግሞ ከእኛው አገር፣ ዳፊ ሳይኖራቸው ቪቫክስ የተገኘባቸው ሕሙማን እንዳሉ ታተመ።

እስቲ አስቡት። እንዲህ ያለ ናሙና ያየ ሁሉ "የላብራቶሪ ስህተት ነው" ብሎ ቢተወው ኖሮ፣ ዛሬም ያንኑ እናስተምር ነበር። ሚለር ራሳቸውስ? እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣ ጽሑፍ፣ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ከነበረበት ቡድን ጋር ሆነው፣ ጥገኛው ዳፊ በሌለበት እንዴት ወደ ሴሉ እንደሚገባ ጠየቁ። የአርባ ዓመት ሥራቸው አልፈረሰም፤ ዳፊ የሌለው ሰው ዛሬም በቪቫክስ የሚያዘው ከሌላው በእጅጉ ባነሰ መጠን ነው። የተስተካከለው "ፈጽሞ አይያዝም" የሚለው ነው።

ይሄ ሲያወሩት ቀላል ነው። ከዚህ ተመርቄ ከወጣሁ በኋላ፣ ሌላ ቦታ ሪዚደንት ሆኜ፣ የሰበሰብኩት ዳታ የአማካሪዬን የቀድሞ ሥራ አልደግፍ አለ። ቦታውንም ሰውየውንም አልጠቅስም። "ይሄን ሰንጠረዥ አውጪውና ቀሪውን እንፈርምልሽ" ተባልኩ። ጓደኞቼም በቅን ልብ "አንቺ ልጅ፣ መጀመሪያ ተመረቂ፤ ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ" አሉኝ። የሚፈርሙት እሳቸው፣ የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፉትም እሳቸው ነበሩ።

ካርዶቹን እንደገና አወጣሁ። ውጤቱን የማያውቅ ሌላ ሰው ዳታውን ከባዶ እንዲያስገባ፣ የስታቲስቲክስ ባለሙያም ለብቻው እንዲሠራው ለመንኩ። ያው ወጣ። ከዚያ የእሳቸውን ጽሑፍ ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩ፤ የእሳቸው ሕሙማን ከእኔዎቹ በዕድሜም በሕመም ክብደትም ይለዩ ነበር። ረቂቁን ከማንም በፊት ለእሳቸው ሰጠሁ፤ ልዩነቱ ከየት ሊመጣ እንደሚችልም ጻፍኩ። ስማቸው እንዲገባ ጠየቅኳቸው፤ አልፈለጉም። ያላመኑበትን አለመፈረም መብታቸው ነው። እንዳይታተም ማድረግ ግን መብታቸው አልነበረም።

ታተመ። ምርቃቴ ዘገየ፣ የጠበቅኩትም ሥራ ለሌላ ሰው ሄደ። ጀግና ነበርኩ ለማለት አይደለም የምነግራችሁ፤ ዋጋ አለው፣ ያንን ዋጋ ደግሞ የሚከፍለው አብዛኛውን ጊዜ ምንም የሌለው ተማሪ ነው። ሰንጠረዡ ቢወጣ ግን ዋጋውን የሚከፍለው፣ በማይሠራ ምርመራ ገንዘቡን የሚጨርስ በሽተኛ ይሆን ነበር። እሱ ደግሞ ከእኔ ያነሰ ነው ያለው።

መምህሮቻችንን ማክበር ባህላችን ነው፤ ይቅር አልልም። እኔም ዛሬ "ዶክተር፣ አንቱ" እየተባልኩ ራውንድ የምመራ ሰው ነኝ። ነገር ግን መምህርን ማክበርና የመምህርን ቁጥር መጠበቅ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሥራዬን ደግሞ ሞክሮ ያላገኘው ተማሪ፣ ሥራዬን ከልቡ ያነበበ ተማሪ ነው።

ስለዚህ ለመምህራኑ አንድ፣ ለእኛ ለተመራቂዎች አንድ ሐሳብ አለኝ። የመጀመሪያው፦ የሪዚደንቱ ጥናት የአማካሪውን ሥራ የሚነካ ሲሆን፣ ሁለተኛ አማካሪ ከሌላ ክፍል ይመደብ፤ የመጨረሻው ፊርማም በአንድ ሰው እጅ ብቻ አይሁን። ይሄ በጽሑፍ ይስፈር፤ በሰው ደግነት ላይ አይንጠልጠል። ሁለተኛው፦ እኛ በየሆስፒታሉና በውጭ አገር ያለን ሰዎች፣ የእንደዚህ ያለ ተማሪ ረቂቅ ሲመጣልን ለማንበብ ስማችንን እንስጥ። ገንዘብ አይጠይቅም፤ ሁለት ምሽት ይበቃል።

የኔን ስም በዝርዝሩ መጀመሪያ ጻፉልኝ። የእኔን ሥራ የሚቃረን ሪዚደንት ካለም በሩ ክፍት ነው፤ ዳታውን ይዞ ይምጣ።