ረጅሙን የጓሳ ገጽ እንዴት እናስነብብ?

እሷ፦ የመንዝ ሕዝብ የጓሳን ጥብቅ ሥፍራ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ጠብቆ ኖሯል። ይህን ታሪክ፣ ጭላዳውንና ቀይ ቀበሮውን በአንድ ረጅም ድረ ገጽ ብናሰፍር አንባቢው የፈለገውን እንዴት ያግኝ?

እሱ፦ ከላይ ማውጫ ይኑረው። «ቀይ ቀበሮ» የሚለውን ሲነካ ጃቫስክሪፕት «ስክሮል ኢንቱ ቪው» በሚባል ትእዛዝ ገጹን እያንሸራተተ ያደርሰዋል። ገጹ ድንገት ከዘለለ ግን አንባቢው የት እንዳለ ይጠፋዋል።

እሷ፦ ኔትወርክ ደክሞ ኮዱ ሳይወርድ ቢቀርስ? ለመሐል ሜዳ ከተማው አንባቢ እሰጋለሁ።

እሱ፦ ለዚህ ነው ማገናኛው አስቀድሞ በኤችቲኤምኤል፣ በክፍሉ መለያ መጻፍ ያለበት። ጃቫስክሪፕቱ ባይደርስም ማውጫው ይሠራል። ለማንሸራተት ብቻ ከሆነማ አንድ የሲኤስኤስ መስመር ይበቃል።

እሷ፦ የሚንሸራተት ገጽ ራሳቸውን የሚያዞራቸው ሰዎችም አሉ። ስልካቸው ላይ እንቅስቃሴ እንዲቀንስ ካዘዙ ኮዱ ሊያከብርላቸው ይገባል፤ በዚህ አልደራደርም።