ተከሳሹ ይሰለፍ ወይስ ይቀመጥ?

አቅራቢ 1፦ ወደ ስታዲየም የሚጎርፈው ደጋፊ የሚያወራው ስለ ግብ ነው። ሚስቱን ደበደበ ተብሎ የተከሰሰ ተጫዋችስ ይሰለፍ? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 እስኪፈረድበት ድረስ ንጹሕ ነው ይላል። ታዲያ እህቴ፣ ክለቡ በምን ሥልጣን ያስቀምጠዋል?

አቅራቢ 2፦ አንቀጹ የሚናገረው ስለ ፍርድ ቤት ሂደት ነው፤ መሰለፍ ደግሞ የማንም መብት አይደለም፣ አሰልጣኝ በየሳምንቱ ስንቱን ያስቀምጣል! እ.ኤ.አ. በ2014 የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ እጮኛውን የመታውን ተጫዋች ሬይ ራይስን መጀመሪያ 2 ጨዋታ ብቻ ነበር ያገደው፤ አሳንሰር ውስጥ ሲመታት የሚያሳየው ቪዲዮ ሲወጣ ግን ላልተወሰነ ጊዜ አገደው። የአሜሪካ ቤዝቦል ሊግ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2015 ምርመራው ሲካሄድ ደመወዝ ሳይቋረጥ ማሳረፍ የሚያስችል ደንብ አወጣ። የእኔ ምርጫ ይኸኛው ነው።

አቅራቢ 1፦ ክሱ ሐሰት ቢሆንስ?

አቅራቢ 2፦ ደመወዙ አልተነካም፣ ወደ ሜዳ ይመለሳል። ከባዱ ውሉ ነው፤ ማሳረፍ የሚፈቅድ አንቀጽ ከፊርማ በፊት ካልገባበት ክለቡ ራሱ ሊከሰስ ይችላል።