በጓዳ የሚዋጥ ክኒን

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም።



ስለ ጫት በየመስጊዱ ብዙ ጊዜ ተነግሯል። ዛሬ የማነሣው እንደ ትራማዶል ካሉ የሕመም ማስታገሻ ክኒኖች መላቀቅ ስላቃታቸው ወገኖቻችን ነው። ጫት የሚቅመው፣ ደግም ይሁን ክፉ፣ ጓደኛ አለው፤ በርጫው የሚደምቀው በሰው ነው። ክኒን የሚውጠው ግን በሩን ዘግቶ ብቻውን ነው። ከጀማዓ ሲጠፋ «ሰነፈ» እንላለን እንጂ «የት ገባ?» ብለን አንጠይቅም።

አጀማመሩ ሁልጊዜ ከጥፋት አይደለም። ከቁስል ወይም ከቀዶ ሕክምና በኋላ ታዞለት የጀመረ አለ። ክኒኑ የአካልን ሕመም ብቻ ሳይሆን የልብን ጭንቀትም ለጥቂት ሰዓት ያደነዝዛል። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማችን ድረስ በመጣ ጊዜ ወገኑን ያጣ ሰው እንዲህ ያለ ማደንዘዣ ቢያገኝ ለምን እንደሚይዘው መረዳት አይከብድም። ኋላ ሰውነቱ ይለምደውና መጠኑን ይጨምራል፤ ሲያቆም ላብ፣ ቁርጥማት፣ ተቅማጥና እንቅልፍ ማጣት ይፈራረቁበታል። ትራማዶል ሲበዛ ደግሞ አንዘፍዝፎ ይጥላል። ይህን አይተን «ጂን ነው» ብለን እንዳንቀመጥ አደራ! ዱዓውን እያደረግን ወደ ጤና ጣቢያ እናድርሰው።

እ.ኤ.አ. በ1971 ከቬትናም ጦርነት የተመለሱ የአሜሪካ ወታደሮችን ሊ ሮቢንስ የተባሉ ሴት ምሁር አጥንተው ነበር። እዚያ ሳሉ በሄሮይን ሱስ ተይዘው ከነበሩት አብዛኞቹ አገራቸው ከገቡ በኋላ ወደ ሱሱ አልተመለሱም። ያዳናቸው ቤተሰብ ብቻ ነው ለማለት አልደፍርም፤ ዕጹ እንደዚያ በቅርብና በርካሽ አለመገኘቱም ረድቷል። ነገር ግን ሰው የሚኖርበት ቦታና የሚውልባቸው ሰዎች ሲለወጡ ሱስም እንደሚላላ ያሳያል።

በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመን በመጠጥ ምክንያት ደጋግሞ የተቀጣ አንድ ሶሓባ ነበር። ከነበሩት ሰዎች አንዱ ሲረግመው ነቢዩ ከለከሉ፤ አላህንና መልእክተኛውን የሚወድ መሆኑንም መሰከሩለት። ቅጣቱ አልቀረለትም፤ እርግማን ግን አልተጨመረበትም። እኛ ደግሞ ብዙ ጊዜ የምንፈጥነው ወደ እርግማኑ ነው።

እንግዲህ ቤቱ እንሂድ። በሰው ፊት ኑዛዜ አንጠይቀው፤ ለመግሪብ እንጥራው፣ በረመዳን ከእኛ ጋር ያፍጥር። በድንገት እንዲያቆምም አናስገድደው፤ መጠኑን ደረጃ በደረጃ የሚቀንስለት ሐኪም ነው። አንድ ብርቱ ነገር አለ፦ ትቶ የቆየ ሰው ተሸንፎ የቀድሞውን ያህል ቢውጥ፣ ሰውነቱ ልማዱን ስለረሳ ትንፋሹ ሊቆም ይችላል። አገረሸበት ብለን የምናኮርፈው በዚያች ሰዓት ከሆነ፣ በተዘጋ በር ውስጥ ብቻውን ትተነዋል ማለት ነው።

ወደ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ሲላክ ጣርማበርን ብቻውን አይውጣ። አንድ ሰው አብሮት ይሳፈር፤ ሲመለስም መናኸሪያ የሚቀበለው ይኑር።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።