በላፕቶፕና በታብሌት መካከል ፋይል ስለ ማስተላለፍ
(የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በትምህርት ቤቱ የምሥረታ በዓል ላይ ያሰሙት ንግግር)



ስለ ታላላቅ ነገሮች በሚነገርበት በዚህ ቀን እኛ ስለ አንዲት ትንሽ ሥራ ለመናገር መምረጣችን ምናልባት ያስገርም ይሆናል። ነገር ግን ይህች ሥራ በቸልታ ስትሠራ ምን ያህል እንደምትጎዳ በራሳችን ስለ ደረሰ፣ ለታናናሾቻችን ሳንነግር ከዚህ ግቢ መውጣትን አልወደድንም።

ይህን መጽሔት ስናዘጋጅ ትምህርት ቤታችንን ለብዙ ዘመን ያገለገሉትን አንድ አረጋዊ ዘበኛ ስለ ድሮው ጊዜ ጠየቅናቸው። እርሳቸውም በደስታ ሲያጫውቱን ድምፃቸውንና ምስላቸውን በታብሌት ቀረጽን። ማታ ቀረጻውን ወደ ላፕቶፕ ለማሳለፍ በፍላሽ ቀዳነው። የፋይሉን ስም በፍላሹ ላይ ስናይ ሥራው ያለቀ መስሎን ከታብሌቱ አጠፋነውና ፍላሹን ነቀልነው። በማግስቱ በላፕቶፕ ብንሞክረው አልከፈት አለ።

ምክንያቱን ኋላ ተረዳነው። ስሙ አስቀድሞ ይታያል፤ ውስጡ ግን ገና በመጻፍ ላይ ሊሆን ይችላል። ፍላሽ ከመነቀሉ በፊት «አስወጣ» የሚል ትእዛዝ የሚሰጠውም ስለዚህ ነው።

በኀፍረት ወደ አባታችን ተመለስን። እርሳቸውም ሳይቈጡ እንደ ገና ነገሩን። ነገር ግን በመጀመሪያው ቀን ያነሷቸው የጥንት ተማሪዎች ስም በሁለተኛው ቀን ከቶ አልታወሳቸው አለ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኛ ግን ያፈሰስነውን ሁሉ መልቀም አልቻልንም።

እንግዲህ መንገዶቹን በአጭሩ እንግለጽ። ለትልቅ ፋይል ገመድ ይሻላል። አንድሮይድ ታብሌት ገመድ ሲሰካበት ብዙውን ጊዜ ኃይል ብቻ ስለሚሞላ፣ በስክሪኑ ላይ «ፋይል ማስተላለፍ» የሚለውን መምረጥ ያስፈልጋል። ብሉቱዝ ለጽሑፍና ለጥቂት ፎቶግራፍ ይበቃል። በተለመደው አሠራሩ ግን በሰከንድ ከ3 ሜጋቢት ስለማያልፍ፣ 600 ሜጋባይት ያለውን ቀረጻ ለማድረስ ከ26 ደቂቃ በላይ ይፈጃል። የዩኤስቢ 2.0 ገመድ ወሰን ግን በሰከንድ 480 ሜጋቢት ነው።

ሌላው ችግር የፊደላችን ነው። ፊደላችን ወደ ዩኒኮድ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት በወጡት የፊደል ፕሮግራሞች የተጻፈ አማርኛ፣ ያ ፊደል ወደሌለበት ታብሌት ሲሄድ የላቲን ፊደላትና የምልክቶች ድብልቅ ሆኖ ይታያል። መድኃኒቱ ፊደሉ ባለበት ላፕቶፕ ላይ ጽሑፉን አስቀድሞ ወደ ፒዲኤፍ መለወጥ ነው።

ታናናሾቻችን ሆይ! ሕጉ ሦስት ቃል ነው፤ መቅዳት፣ ከፍቶ ማየት፣ በመጨረሻም ማጥፋት። ከፍቶ ማየት ሲባልም መጀመሪያውን ብቻ ሳይሆን መጨረሻውንም ነው። ስሙ መድረሱ ነገሩ መድረሱ አይደለም። በእጃችሁ ያለው ፋይል የአንድ ሽማግሌ ትዝታ ሊሆን እንደሚችል አትርሱ።