የጋራ መጠቀሚያችን እንዴት ነው?

የዛሬው ርዕሳችን የጋራ መጠቀሚያ ነው። የጋራ መጠቀሚያ ስንል ምን ማለታችን ነው? በኮንዶሚኒየም ጣሪያው፣ ደረጃው፣ ኮሪደሩ፣ ግቢው፣ የፍሳሽ መስመሩ ማለታችን ነው። ቤቱ የየግላችን ነው፤ እነዚህ ግን የሁላችን ናቸው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅም የእነዚህን አስተዳደር ለቤት ባለቤቶች ማኅበር ሰጥቷል።

ታዲያ የጋራ መጠቀሚያው በደንብ መያዙን በምን እናውቃለን? እስቲ በሬ የሚገዛ ገበሬን አስቡ። ቆዳው ስላማረ ብቻ አይገዛም። ጥርሱን ያያል፤ ያራምደዋል። ሕንፃም እንዲሁ ነው። አዲስ ቀለም ዓይን ይስባል። እናንተ ግን ጠጋ በሉ። አሸንዳው ተሰብሮ ውኃ በግድግዳው ይወርዳል? የፍሳሽ ጉድጓዱ ክዳን አለው? የደረጃው መደገፊያ ይነቃነቃል? ማታ ኮሪደሩ መብራት አለው? እርጥበት የገባው ግድግዳ ቢቀባም፣ ቀለሙ መላጡ አይቀርም። ስለዚህ መጀመሪያ የውኃውን መግቢያ መድፈን፤ ቀለሙ ከዚያ በኋላ።

እንግዲህ አድማጮቻችን፣ ክረምት ሳይገባ ከማኅበራችሁ ጋር ግቢውን ዙሩ፤ የተበላሸውንም መዝግቡና አስጠግኑ።